እነሱ «ተጓዥ»፣ እኛ «ስደተኛ»

ዘንድሮ የረከሰ ነገር ቢኖር ምክር ነው። በቴሌቪዥን ምክር፣ በቀበሌ ስብሰባ ምክር፣ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር ምክር! የምክሩ ሁሉ ማሰሪያ አንዲት ቃል ናት፤ «አትሂዱ!» ወጣቱ አገሩ ላይ ሠርቶ ይለወጥ፤ ባሕሩ ይበላል፤ በረሃው ይበላል፤ አሁን ደግሞ በባንኮክ በኩል የሚበላ መጥቷል፤ ስለዚህ አትሂዱ። መካሪዎቹን ልብ ብላችሁ ብታዩአቸው ግን ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በማኅተም የተጨናነቀ ሰዎች ናቸው። አንዱ ለስብሰባ ይሄዳል፤ አንዱ ለሕክምና ይሄዳል፤ አንዷ ልጇን ለማስመረቅ ትሄዳለች፤ ሌላው ደግሞ «ትንሽ አየር ልለውጥ» ብሎ ይሄዳል። እነሱ ሲሄዱ ጉዞ ነው። የሮብ ገበያ ልጅ ሲሄድ ስደት ነው። የአገሬ ሰው «ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው» ይላል። የራሱን ሻንጣ ዘግቶ ሌላውን «ተቀመጥ» ለሚል ሰው ግን የትኛው ተረት እንደሚስማማው እንጃ!

ወገኖቼ፣ ጠቤ ከምክሩ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከቃሉም ጋር ነው። «ተጓዥ» የሚለው ስም ለአንዱ እንደ ካባ ሲደረብለት፣ «ስደተኛ» የሚለው ደግሞ ለሌላው እንደ ማቅ ሲጣልበት፣ ካባውንና ማቁን የሚያድለው ማን ነው? በአንድ ከተማ፣ በአንድ ፎቅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ለዓመታት የኖሩ ሁለት ሰዎች ስለ ምን ሁለት ስም ወጣላቸው? ይህን የምጠይቀው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ኖሬበታለሁ። እስቲ ከመነሻው፣ ከአገሬ ልጀምር።

እኔ የሮብ ገበያ ሰው ነኝ። አገሩን ለማታውቁት፣ ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም፣ በስናን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በጮቄ ተራራ ጥግ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ሮብ ሮብ ገበያ ይቆምባታል። ገብሱ፣ ድንቹ፣ እንግዶው፣ የባሕር ዛፉ አጣና በዚያ ቀን ይወጣል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወንዞች አባት ነው፤ ከጉያው የሚፈልቁት ሁሉ ለዓባይ ይገብራሉ። አፈራችንም ከውኃው ጋር በየክረምቱ ይነሣና አገር ለቆ ይወርዳል። እሱን «አትሂድ» ያለው ሰብሳቢ እስካሁን አልሰማሁም!

ሰውስ ለምን ይሄዳል? «ሥራ ስለሚንቅ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የደጋ ገበሬ ልጅ በውርጭ ማለዳ እጁ ቆርፍዶ ድንች ሲለቅም አይተው አያውቁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በክልላችን መሬት በ1989 ዓ.ም. ተሸነሸነ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሽንሸና አልተደረገም። ያኔ ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ይልቁንም ያኔ ያልተወለደ ሁሉ፣ ተስፋው የአባቱ ማሳ ቁራጭ ብቻ ሆነ። አራት ጥማድ መሬት ለአምስት ልጅ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ምን ይደርሰዋል? በዚያ ላይ የጮቄ አፈር ኮምጥጧል፤ ኖራ ካልቀመሰ እህል አላበቅልም ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱ አለ፤ መሬቱ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ የጦርነት አውድማ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መንገድ ተዘጋ። እንግዲህ ወጣቱ «አገሬ ላይ ሠርቼ ልለወጥ» ቢል በየትኛው አገር፣ በምን ላይ ነው የሚሠራው?

ደግሞስ መሄድ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር ነው እንዴ? ወለጋ ለቡና ለቀማ፣ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ የኖረ ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ «ጎጃም በረንዳ» የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ በማን እንደተጠራ መናገር አያስፈልገኝም። የቆሎ ተማሪውንስ ረሳችሁት? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዲማ ሲዞር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚያሳልፈው ልጅ ማን ነበር? ተጓዥ ነበር። ውሻ ይነክሰዋል፣ ረሃብ ይቆላዋል፣ ቢሆንም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በር ሲመታ ለምን ከአገርህ ወጣህ አይባልም። ተማሪ ነው፤ ስሙ በቂው ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ እንኳ የማንኩሳ ልጅ ሆኖ ታሪኩን የምናውቀው ከማንኩሳ ስለወጣ ነው።

እኔም ወጣሁ። በመጀመሪያ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ጥር ባንኮክ ገባሁና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ነጋዴ ልብስ በጅምላ ለመግዛት ፕራቱናም ወደምትባለው ሰፈር ይጎርፍ ነበር። ባለገንዘቡ ደግሞ ለሕክምና ይመጣል። የእኔ ሥራ ነጋዴዎቹን መቀበል፣ ቦቤና ፕራቱናም ገበያ ማዞር፣ ደርዘኑን ቆጥሮ ወደ ካርጎ ማስገባት ነበር። ፕራቱናምን ለማያውቃት፣ ከላይ ሰማይ የሚነካ ሆቴል፣ ከታች ጨርቅ ተሸክሞ የሚጋፋ ሕዝብ፣ ከጎን በጠቆረ ቦይ የሚበር ጀልባ ያለባት፣ መርካቶን ውኃ ውስጥ እንደመንከር ያለች ሰፈር ናት። በዓመተ ምሕረት ቆጠራ እንኳ ተራራቅን፤ እኔ በ2003 ዓ.ም. ተነሥቼ፣ በፈረንጆቹ 2011 ተሳፍሬ፣ በእነሱ 2554 ላይ ወረድኩ። ሙቀቱ ለደጋ ሰው ቅጣት ነው። ሰዉ ግን ደግ ነው። ሽማግሌ ያከብራል፤ እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ታላቁ ጎርፍ ሲመጣ አሸዋ በጆንያ እየሞላን ከጎረቤት ጋር ደጃፍ ስንከትር እንግዳና ባለቤት አልተለየም።

በየወሩ መጨረሻ ግን ይለይ ነበር። ከክፍሌ ፊት ለፊት አንድ አውሮፓዊ ሽማግሌ ይኖራል። እዚያ ከተማ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት «እጓዛለሁ» ይላል። ወዴት? ከአልጋው ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ቢራው! በየሦስት ወሩ አንድ ቀን በማለዳ ይነሣና በሚኒባስ ድንበር ድረስ ይሄዳል፤ በድልድዩ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ማኅተም ያስመታል፤ በዚያው ቀን ተመልሶ ለእራት ይደርሳል። እንዲህ እያደረገ በቱሪስት ስም አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። የከተማው ሰው «ፋራንግ» ይለዋል፤ የእኛው «ፈረንጅ» መሆኑ ነው፤ ቃሉም ክብሩም አንድ ዓይነት ነው። ለእሱ የቤት ኪራይ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል። እኔ የሁለት ወር ቅድሚያ ካላስያዝኩ ቁልፍ አይሰጠኝም። እሱ ጊዜው ቢያልፍበት «ረስቶ ነው» ይባላል፤ እኔ አንድ ቀን ቢያልፍብኝ «ሊጠፋ ነው» እባላለሁ። እሱ እዚያ የኖረው ኑሮ ስለሚረክስ ነው፤ እኔም እዚያ የኖርኩት እንጀራ ፍለጋ ነው። ሁለታችንም ገንዘባችን የት እንደሚበቃን አስልተን የመጣን ሰዎች ነን። ታዲያ የእሱ ስሌት ጉዞ፣ የእኔ ስሌት ስደት የሆነው በምን ሒሳብ ነው?

በሽማግሌው ላይ ቂም የለኝም። ሰው የፈለገበት ቢያረጅ ምን ገዶኝ! ደግሞም ከተማዋ የማትወደው የሩቁን ጥቁር ብቻ አልነበረም። የባንኮክን ታክሲ ከሚነዱት፣ ፎቋን ከሚገነቡት ብዙዎቹ ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምሥራቁ ድሃ ገጠር የመጡ ናቸው። ሎተሪ እያዞሩ ከሚሸጡት እንኳ ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ከተሜው በአነጋገራቸው ይስቃል፤ በምግባቸው ይቀልዳል። ይህን ሳይ የት እንዳለሁ ግራ ገባኝ። የፕራቱናምን ሎተሪ አዟሪ አይቼ ትዝ ያለኝ ፒያሳ ላይ ሎተሪ የሚያዞረው የአገሬ ልጅ ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ተለወጠ። ኮምፒውተሩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ከየትም የሚሠራ ወጣት ፈረንጅ በዛና የታይላንድ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ልዩ ቪዛ አወጣለት። ቪዛው አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በገባ ቁጥር 180 ቀን ያስቀምጣል። ዋጋው 10,000 ባት ነው፤ በባንክ ግን 500,000 ባት እንዳለህ ማሳየት አለብህ። በዚያው ወር የ93 አገር ሰዎች ያለ ቪዛ ገብተው 60 ቀን እንዲቀመጡ ተፈቀደ፤ ከ93ቱ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አያችሁ፣ «ተጓዥ» የሚለው ስም ዋጋ ተቆርጦለታል። ሕጉ ጥቁር አይግባ፣ ጎጃሜ አይግባ አይልም። ግማሽ ሚሊዮን ባት አምጣ ነው የሚለው። ካመጣህ አምስት ዓመት ተጓዥ ነህ። ካላመጣህ ሌላ ስም ይፈለግልሃል።

ሌላው ስም ምን እንደሚያስከትል በ2017 ዓ.ም. አየን። የእኛ ልጆች፣ ኮምፒውተር የሚችሉ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች፣ በስልካቸው ማስታወቂያ መጣላቸው። «ባንኮክ፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ ደመወዝ በዶላር» ይላል። ተሳፈሩ። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው መኪና ባንኮክ አላሳደራቸውም፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ሜ ሶት ከምትባል የድንበር ከተማ አደረሳቸው። ከዚያ ሞዪ የሚባለውን ወንዝ አሻግሮ ምያንማር፣ ምያዋዲ አካባቢ በግንብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ከተታቸው። ፓስፖርት ተቀሙ። በስልክና በኮምፒውተር የዓለምን ሕዝብ በሐሰት ፍቅርና በሐሰት ንግድ እያማለሉ ገንዘብ እንዲዘርፉ ተገደዱ። አንሠራም ያለ ይገረፋል፤ በኤሌክትሪክ ይጠበሳል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው ዘገባ በምያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ተገዶ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

ልብ በሉ፤ ሜ ሶትና ምያዋዲን የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ነው። የባንኮክ ነባር ፈረንጆች ማኅተም ለማስመታት ከሚመላለሱባቸው ድልድዮች አንዱ እሱ ነበር። ተጓዡ በድልድዩ ላይ በቀን ተሻግሮ ለእራት ተመለሰ። የእኛ ልጅ ከድልድዩ ሥር በሌሊት ተሻግሮ ቀረ። ወንዙ አንድ ነው!

የተፈቱትም በማን ሞገስ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ዋንግ ሺንግ የሚባል ቻይናዊ ተዋናይ በዚያው መንገድ ተወስዶ ጠፋ። አገሩ ጮኸች፤ በቀናት ውስጥ ተገኘ። ቱሪስት ቀረብኝ ያለችው ታይላንድ ተንቀሳቀሰች፤ በጥር መጨረሻ ወደ ማዶ የምትሸጠውን መብራት ቆረጠች። ያን ጊዜ በሮቹ መከፈት ጀመሩ። የካቲት 5 ቀን ከ20 ያህል አገሮች የመጡ 260 ያህል ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ሲሰጡ ከመካከላቸው ከየትኛውም አገር ሰው ይበልጥ የበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቀጥሎም ከ7,000 በላይ ሰዎች ከየግቢው ወጡ። ቻይና አውሮፕላን በአውሮፕላን ላይ ልካ ልጆቿን ጫነች። የእኛዎቹ ግን ትኬት የሚቆርጥላቸው ጠፍቶ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ለሳምንታት ተቀመጡ። አንድ ተዋናይ ስም ስለነበረው ሁለት መንግሥት አንቀሳቀሰ። የእኛ ልጆች ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም።

ባለፈው ዓመት አገሬ ስወጣ አንዲት ባልቴት ገበያ ላይ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ባንኮክ የሚሉት አገር ነበርህ አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎን እትዬ፣ ድሮ ነበርኩ።»

«ከመርካቶ ትርቃለች?»

ምን ልበላቸው? «ትርቃለች፤ በአውሮፕላን ነው» አልኩ። ልጃቸው ጎጃም በረንዳ አካባቢ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ደውሎ ባንኮክ ልገባ ነው አላቸው። ከዚያ ስልኩ አልሠራም። ለቅሶም አልተቀመጡም፤ ተስፋም አልቆረጡም። ቅቤያቸውን ሸጠው ለስልክ ካርድ ያወጣሉ።

«እሱስ ይሁን፤ እዚያ አገር ሰው ሲጠፋ የሚነገረው ለማን ነው?» አሉኝ።

እንግዲህ መካሪዎች ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሳችሁ ምንድን ነው? «አትሂዱ»? ልጁኮ ሄዷል! «ማን ሂድ አለው?» የሚል ሰውም ሰምቻለሁ፤ ያውም ራሱ ለጉልበቱ ሕመም ባንኮክ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ደላላውን መንካት ፈርተው የተሸጠውን ልጅ ይሰድባሉ። የሕግ እጥረት እንዳይሉን በሰው መነገድን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል። ታዲያ ደላላው ለምን በረታ? ምሥጢሩ ቀላል ነው። ወጣቱ «የት ልሂድ? እንዴት ልግባ? በምን ልኑር?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ የሚመልስለት ደላላው ብቻ ነው። መልሱ ሐሰት ነው፤ ግን መልስ ነው። መንግሥቱ፣ ምሁሩ፣ ሰባኪው፣ ጋዜጠኛው የሚሰጡት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አትሂድ!»

«ታዲያ አንተ ሂዱ ትላለህ ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። እሳት ውስጥ ግቡ የሚል ጤነኛ የለም። ሰው ግን ይሄዳል፤ ሲሄድ ኖሯል፤ ነገም ይሄዳል። ጥያቄው ሲሄድ በምን ስም፣ በማን እውቀት፣ በምን ወረቀት ይሄዳል የሚለው ነው። ያ ሽማግሌ ፈረንጅ ከእኛ ልጅ ይበልጥ ብልህ ስለሆነ አይደለም በሰላም ያረጀው። የጠፋ ዕለት የሚፈልገው ስላለ ነው።

አሁን ወደ ፒያሳው ሎተሪ አዟሪ ልመለስ። ባንኮክን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሩቅ ናታ! ግን አዲስ አበባችን ለሮብ ገበያ ልጅ ምኑ ናት? አሥር ዓመት ሎተሪ አዙሮ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ፎቋን ያቆመው ልጅ ዛሬም «ከገጠር የመጣ» ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ልውሰድ ሲል ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። ቀበሌው በጦርነት ቢዘጋስ? መንገዱ ባይሄድስ? እሱን አንተ ታውቃለህ! ፋይዳ የተባለው አዲሱ መታወቂያ ማንነትህን ይመሰክራል እንጂ የከተማው ነዋሪ ነህ አይልህም። መታወቂያ የሌለው ቤት በስሙ አይከራይም፤ የንግድ ፈቃድ አያወጣም፤ ሲጣላም፣ ሲዘረፍም፣ ሲታመምም «የት ነዋሪ ነህ?» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት አለው ይላል። ጎጃሜው ይህን አንቀጽ ይዞ መስኮት ላይ ቢቆም ምን እንደሚባል እናንተው ገምቱ።

ባንኮክ ቢያንስ ዋጋዋን ጽፋ ለጥፋለች፤ ግማሽ ሚሊዮን ባት። አዲስ አበባ ዋጋዋን እንኳ አትናገርም። እዚህ ነው ልጁ ስም ማጣትን የሚማረው። በገዛ አገሩ ዋና ከተማ አሥር ዓመት ያለ ወረቀት መኖርን የለመደ ሰው ደላላ መጥቶ «ወረቀቱን ለእኔ ተወው» ሲለው ምን ይገርመዋል? ያውቀዋላ! የምያዋዲ መንገድ የሚጀምረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም፤ ከቀበሌ መስኮት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እኛ ራሳችን እንግዳ የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ባልተናደድኩ። ጄምስ ብሩስ የሚባል እስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ዘመን መጥቶ ጎንደር ላይ ዓመታት ኖረ፤ ሹመትም አገኘ፤ በፈረንጆች 1770 ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ ምንጩን አየ። ከእሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ አይቶት ነበር፤ ብሩስ ግን የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ተጓዥ ነዋ፤ ቢዋሽም ተጓዥ ነው! አርኖ ዳባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ ደግሞ ከወንድሙ ከአንቷን ጋር በ1838 ገብቶ ጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ተጠጋ፤ በላ፣ ጠጣ፣ አብሮ ዘመተ፤ አገሩ ሲገባም «አሥራ ሁለት ዓመት በደገኛው ኢትዮጵያ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ወንድሙ አንቷን ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ፤ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። መሸኛ አምጡ ያላቸው አልነበረም። «የእግዜር እንግዳ» ተባሉ፤ አለቀ። የእነሱን የልጅ ልጆች ዛሬም ሆቴል በር ላይ ጎንበስ ብለን እንቀበላለን። ይህን ሁሉ እንግድነት ለሩቅ ሰው ከሰጠን፣ ለጮቄው ልጅ ምነው ጨከንን? ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪውን ያስነከሰው ውሻ ባለቤት ነበረው። ግን ያ ዘመን ለሚንከራተተው ልጅ ስም ነበረው። የእኛ ዘመን ስሙን ቀማው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በየወረዳው፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ እውነተኛ ሰው ይቀመጥ። ወጣቱ ደላላው የሰጠውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ሰውየው ይመልከት፤ «ይህ ቪዛ የጉብኝት ነው፣ በዚህ ሥራ መሥራት አትችልም፤ ይህ መንገድ ምያዋዲ ያደርሳል» ይበለው። ለሮብ ገበያ ሮብን እመርጣለሁ፤ እናትም ሲጠፋባት ስሙን የምታስመዘግበው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የኖረን ሰው አዲስ አበባ ትመዝግበው። መሸኛው ካልመጣ ጎረቤቱ፣ አሠሪው፣ ዕቁብተኛው ይመስክርለት። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሲኦል የተመለሱትን ልጆች እንደ ወንጀለኛ አንያቸው፤ ያዩትን ይናገሩ። ከመቶ መካሪ አንድ የተመለሰ ልጅ ይበልጣል። አራተኛው ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ነው። ለፈረንጁ «ተጓዥ»፣ ለባለሀብቱ «የውጭ ጉዞ ላይ ናቸው»፣ ለድሃው ልጅ «ሕገ ወጥ» ብለን የምንጽፈውን ነገር እንተው። ሦስቱም መንገደኞች ናቸው፤ ሲጠፉ ሦስቱም ይፈለጉ።

እስከዚያው ድረስ ግን «አትሂዱ» የሚል መካሪ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የራሱን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ማኅተሙን እንቁጠርለትና ምክሩን ያን ጊዜ እንሰማዋለን።